ትንኟ ሳምንት ትቆጥራለች

(የከተማ ድሃ ሰፈሮች ነዋሪዎች በወባ ትንኝ ቁጥጥር ስላላቸው ድርሻ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችና ለሰፈር ኮሚቴዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊዎች፣ ከየሰፈራችሁ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ?

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ይህን ጠርሙስ ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ ተቀባበሉልኝ። ክዳኑ ጥብቅ ስለሆነ አትስጉ። ዛሬ ጠዋት ከዚሁ አዳራሽ ጀርባ ካቆረ ውሃ በጭልፋ የቀዳሁት ነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩት ክር የሚያካክሉ ነገሮች ይወራጫሉ። ትንሽ ታገሡና ሲረጋጉ አስተውሏቸው። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በጭራቸው የተንጠለጠሉት የኩሌክስ እጮች ናቸው፤ ሌሊት ጆሯችን ሥር እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳን ትንኝ ልጆች ማለት ነው። ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክለው፣ እንደ ስንደዶ ቁራጭ ጋደም ብለው የሚንሳፈፉት ግን የአኖፌለስ ናቸው። የአኖፌለስ እጭ እንደ ሌሎቹ የሚተነፍስበት ረዘም ያለ ቱቦ ስለሌለው አየር ለማግኘት ውሃው ላይ መጋደም ግድ ይሆንበታል። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታመላልሰው የዚህ ዘር እንስት ናት። ይህን ልዩነት ለማየት ማይክሮስኮፕ አያሻም። የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲማረው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ ልነሣ። ነዋሪው ይሳተፍ ሲባል ሁላችንም ራሳችንን በአዎንታ እንነቀንቃለን። ነዋሪውን የምንፈልገው ለምኑ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አንጠያየቅም። ለጉልበቱ ከሆነ አካፋና ዶማ ይዞ አንድ ቅዳሜ እንዲወጣልን እንለምነዋለን፤ ሰኞ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ለዕውቀቱ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። የትኛው ግቢ በስተጀርባ ጉድጓድ እንዳለው፣ የትኛው ቧንቧ ሌሊት እንደሚፈስ፣ የትኛው በርሜል ክዳን እንደሌለው ከነዋሪው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ የምከራከረው ለዚህ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ በየሳምንቱ በሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ይዘርጋ፣ ሥራው ባለቤት ይኑረው፣ ባለቤቱም ለጠየቀው ነገር መልስ ያግኝ ነው የምለው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ወደ 263 ሚሊዮን የወባ ሕመም ደርሷል፤ 597,000 ያህል ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ከመቶ 95 የሚሆኑት በድርጅቱ የአፍሪካ ክልል ያሉ ናቸው። ከእነዚህም ከአራቱ ሦስቱ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

ወባ የገጠር በሽታ ናት እየተባለ ብዙ ተኖሯል። በአማካይ ሲታይ እውነትም ከተማ ውስጥ ትቀንሳለች። ቤቱ የተጠጋጋ ነው፣ ብዙው ውሃ የወባ ትንኝ የማትወደው ቆሻሻ ነው፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው። አማካይ ግን ድሃውን ይሸሽገዋል። ድሃ በከተማ የሚሰፍረው ሌላው ንቆ በተወው መሬት ላይ ነው፤ ረግረግ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ። ለጡብ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይይዛል። የመኪና ጎማ መንገዱ ላይ የተወው ቦይ፣ የአትክልት መደብ መካከል ያለው ፈሰስ፣ መሠረቱ ወጥቶ ገንዘብ ያለቀበት ሕንፃ፣ ሁሉም ፀሐይ የሚመታው ጥልቀት የሌለው ውሃ ያቁራሉ። አፍሪካ ውስጥ በገዳይነቷ የምትታወቀው አኖፌለስ ጋምቢያ የምትመርጠውም እንዲህ ያለውን ነው። ይህን ሰፈር ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈር የሚለየው ጥቂት መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ የወባው መጠን ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የከተማውን አማካይ ይዞ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ይህን አያይም።

አሁን ወደ ሳምንቱ ልምጣ። እንስቷ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች። ሙቀት ባለበት እንቁላሉ በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ እጩ አራት የዕድገት ደረጃዎችን አልፎ፣ ምግብ የማይበላበትን የለውጥ ጊዜ ጨርሶ ክንፍ ያወጣል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ አንዱ ሳምንት ይጠጋል። ስለዚህ በየሰባት ቀኑ የሚደፋ፣ የሚፋሰስ ወይም ፀረ-እጭ የሚጨመርበት ውሃ ትንኝ አያወጣም። በወር አንድ ጊዜ የሚጎበኝ ውሃ ግን በሁለቱ ጉብኝት መካከል ሁለት ሦስት ትውልድ ያስመርቃል። የሥራ ዕቅዳችን የተሠራው በሩብ ዓመት ነው። ትንኟ ሩብ ዓመት አታውቅም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት ካስተባባሪዎቹ አንዱ በነበርኩበት ዘመቻ ብዙ መቶ ሰው ወጣልን። ቦይ ጠረግን፣ ጉድጓድ ደፈንን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሪፖርት ጻፍን። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ሰፈሩን ስዞር አንዲት እናት እጄን ይዘው ወደ ደጃቸው ወሰዱኝ። ከቦዩ ያወጣነው ደለልና ፌስታል በራቸው ላይ ተቆልሎ ነበር። ሊያነሣው ቃል የተገባው መኪና አልመጣም፤ ዝናቡ ግማሹን መልሶ ቦዩ ውስጥ ከትቶታል። ሴትዮዋ አልተቆጡም። መኪናው መቼ እንደሚመጣ ብቻ ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዘመቻ ከዚያ መንደር የወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል ብለን ጻፍን። የጎደለው ግንዛቤ አልነበረም። ዛሬም ያ ሪፖርት ያሳፍረኛል።

አሁን ብዙ ልቆይበት የምፈልገው የዳሬሰላም ሥራ ላይ ነው፤ ከማውቃቸው ሁሉ አስተማሪው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2004 የከተማዋ አስተዳደር 15 ቀበሌዎችን የሚያቅፍ፣ ከ600,000 በላይ ሕዝብ ያለበት የከተማ ወባ ቁጥጥር ፕሮግራም ጀመረ። መሠረቱ አዲስ የተፈጠረ ኮሚቴ አልነበረም። በታንዛኒያ ከቀድሞው ዘመን ጀምሮ ቤቶች አሥር አሥር እየሆኑ የሚደራጁበት መዋቅር ነበር፤ እሱን ተጠቀሙበት። ከየሰፈሩ ሰው ተመረጠ፣ ለእያንዳንዱ የታወቀ ድርሻ ተሰጠው፣ መጠነኛ የቀን አበልም ተቆረጠለት። ሥራው በየሳምንቱ ድርሻውን እየዞረ ውሃ መፈለግ፣ እጭ መኖር አለመኖሩን በጭልፋ ማየትና መመዝገብ ነበር።

ካርታውን የሠሩበት መንገድ በጣም ይማርከኛል። ነዋሪዎቹ መጀመሪያ ሰፈራቸውን በእጃቸው ነደፉ፦ ይህ የእገሌ ቤት፣ ይህ መንገድ፣ ይህ ቦይ እያሉ። ከዚያ ንድፉ ከአየር ከተነሣ ፎቶግራፍ ጋር ቦታው ላይ ተመሳከረ። የወጣው ክፍተት ብዙ ያስተምራል፤ ቤት የሌለባቸው ቦታዎች ከንድፉ ውጭ ቀርተው ተገኙ። የአሥር ቤት መዋቅር የሚያስበው በቤት ነው። የማንም ቤት ያልሆነ ረግረግ፣ ክፍት ሜዳ፣ የፋብሪካ ጓሮ የማንም ድርሻ አልሆነም ነበር። ትንኟ ደግሞ የምትፈልገው ያንን ነው። የነዋሪው ዓይንና የአየር ፎቶው ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላው። ባለሙያው ብቻውን ቢሄድ የጓሮውን ጉድጓድ አያገኘውም፤ ነዋሪው ብቻውን ቢሆን ባለቤት የሌለውን ሜዳ ይዘለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሦስት ቀበሌዎች ፀረ-እጭ መርጨት ተጀመረ። የተጠቀሙት ቢቲአይ የሚባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በኔጌቭ በረሃ ከተገኘ ባክቴሪያ የሚዘጋጅ ነው። እጩ ሲበላው አንጀቱን ይበጣጥሰዋል፤ ሰውን፣ ከብትንና ዓሣን አይጎዳም። ድካሙ ቶሎ ኃይሉን ማጣቱ ነው፤ በየሳምንቱ ካልተደገመ ዋጋ የለውም። እዚህም ሳምንት መጣ! ውጤቱን በሚመለከት ብዙ ዓመታትን የሸፈነው ትንተና ርጭቱ በተካሄደባቸው ሰፈሮች በወባ የመያዝ ዕድል ወደ 21 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የመጀመሪያው ዓመት ጥናት ያወጣው ቁጥር ከዚህ በጣም የበለጠ ነበር፤ እኔ ግን የረጅሙን ጊዜ ቁጥር ነው የምይዘው። ሃያ አንድ በመቶ ለትልቅ ከተማ ትንሽ አይደለም። አጎበር በተሰቀለበት ከተማ ላይ የተጨመረ መሆኑንም አስቡት። በዳሬሰላም ትንኟ ከቤት ውጭም ትናከሳለችና አጎበር ብቻውን አይደርስባትም። የበረረች ትንኝ ትሸሻለች፣ ትደበቃለች። እጭ ግን ከተወለደበት ውሃ የትም አይሄድም።

ያልተሳካውንም መናገር አለብኝ። የነዋሪዎቹ አሰሳ ጥራት ሲመረመር ውሃ ካለባቸው ቦታዎች የተመዘገቡት ወደ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሆነው ተገኙ። በተለይ አጥር ያለባቸው ግቢዎች ያመልጧቸው ነበር። ይህን ሰምቶ «እነዚህ ሰዎች አይችሉም» የሚል አይጠፋም። እኔ የማየው ሌላ ነው። ደሃ ሰፈር ውስጥ የምትኖር ሴት የባለ ትልቅ አጥር ቤት አንኳኩታ «ገንዳዎን ልይ» ለማለት ምን ይዛ ትሂድ? መታወቂያ ካልተሰጣት፣ የአካባቢው አስተዳደር ከጀርባዋ ካልቆመ፣ ዘበኛው ይመልሳታል። እሷ ላይ የተመዘገበው ጉድለት የእኛ ጉድለት ነው።

ስለ ቦይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያችው ከተማ ቀደም ሲል የተሠሩ የውሃ መውረጃዎች በቆሻሻ ተደፍነው ከመውረጃነት ወደ መራቢያነት ተለውጠው ነበር። ነዋሪዎች ተደራጅተው ሲጠርጓቸውና ጥገና ሲደረግላቸው ውሃው ሄደ፤ እጩ ቀነሰ፤ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች በወባ የመያዝ ዕድልም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ ትንኝ አያሳድግም። የተሠራ ቦይ ጠራጊ ከሌለው ግን ባይሠራ ይሻል ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ዝናብ ስለሚያመጣው ውሃ ነው። አሁን ሌላ እንግዳ መጥታለች። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ትባላለች፤ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ ሪፖርት ያደረገችው 27 የወባ ሕሙማን ብቻ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወራት ወባ ሲነሣ ተጠያቂዋ እሷ መሆኗ በጥናት ተረጋገጠ። በበጋ ማለቴን ልብ በሉ። ይህች ትንኝ ዝናብ አትጠብቅም። ሮቶ፣ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ሰው ለመጠጥ ያስቀመጠውን ንጹሕ ውሃ ትወዳለች።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅር በሉኝ። ሰው በርሜል የሚሞላው ቧንቧው ስለሚጠፋ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር «ውሃ አታጠራቅሙ» ብሎ ማስተማር ስድብ ነው። ክዳኑ ይጠበቅ፣ በርሜሉ በሳምንት አንዴ ባዶ ሆኖ ግድግዳው ይፈተግ፣ የሮቶው አፍ ወንፊት ይልበስ፤ ይህ የነዋሪው ድርሻ ነው፤ ነዋሪውም ይሠራዋል። ቧንቧው በየቀኑ እንዲመጣ ማድረግ ደግሞ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ድርሻ ነው። የወባ ስብሰባ ሲጠራ የውሃ መሥሪያ ቤቱ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱና የሕንፃ ፈቃድ ሰጪው ወንበር ባዶ ከሆነ ስብሰባው ግማሽ ነው። በስብሰባ ብዛት ያረጀ ሰው ምስክርነት ነውና ተቀበሉኝ።

ትእዛዝና ምክክር ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ወደ ሕንዷ ቦምቤይ፣ ወደ ዛሬዋ ሙምባይ እንሂድ። ከመቶ ዓመት በፊት ስቴፈንሳይ በከተማዋ የግቢ ጉድጓዶች ውስጥ እንደምትራባ ሲታወቅ ባለሥልጣናቱ ጉድጓዶቹ ይዘጉ አሉ። ብዙ ቤተሰቦች ግን ከጉድጓድ በቀጥታ የሚቀዳ ውሃ ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው ያስፈልጋቸው ነበርና አንዘጋም አሉ። መውጫው የተገኘው በክርክር ነው፤ ጉድጓዱ በጥብቅ ክዳን ይሸፈናል፣ መቅጃ የሚሆን ትንሽ መዝጊያ ይተውለታል። ትንኟ አትገባም፤ ሰውም ውሃውን አላጣም። ይህን መላ ጉድጓድ የሌለው ሰው ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ አያመጣውም።

ከዚያ የከፋም ታሪክ አለ። ወባ በትንኝ እንደምትተላለፍ ያሳየው ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ሴራሊዮኗ ፍሪታውን ሄዶ መራቢያ ውሃዎቹን አጥንቷል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የትንኝ አጥፊ ቡድን ይዞ ተመልሷል። መንገዱ ትክክል ነበር። ቅኝ ገዢው መንግሥት ግን የቀለለውን መረጠ፤ በ1904 ኮረብታ ላይ ለአውሮፓውያን ብቻ የሚሆን ሰፈር ከፈተና የአገሩን ሰው ከነትንኙ ከታች ተወው። ድሃው የበሽታው ምንጭ ተደርጎ ታየ፤ ጌቶቹን ከእሱ ማራቅም መከላከያ ተባለ። ይህ አስተሳሰብ አልሞተም። ዛሬም «ቆሻሻ ሰፈር» ሲባል፣ ሰፈሩን አፍርሶ ማራቅ የጤና ሥራ ሆኖ ሲቀርብ እሰማለሁ። በዶዘር የተባረረ ሰው የሚሰፍረው የባሰ ረግረግ ዳር ነው፤ ወባውም አብሮት ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ-እጭ ሥራ ለአጎበርና ለቤት ውስጥ ርጭት ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ ይናገራል፤ የሚመክረውም መራቢያዎቹ ጥቂት፣ ቋሚና በቀላሉ የሚገኙ በሆኑበት ቦታ ነው። እስማማለሁ። ስለዚህ ማንም ከዚህ ወጥቶ አጎበሩን እንዳያወርድ። «በቀላሉ የሚገኙ» የምትለውን ቃል ግን አጥብቄ ልያዛት። ለማን ነው በቀላሉ የሚገኙት? ለእንግዳ ባለሙያ የተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ያለ መራቢያ ሁሉ ስውር ነው። አሥር ዓመት ለኖረች ሴት ግን ግልጥ ነው። መራቢያን የሚገኝ የሚያደርገው ነዋሪው ራሱ ነው።

ስለ ክፍያ ትጠይቁኛላችሁ፤ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ማንም ሰው በገዛ ግቢው በርሜል ለመክደን ደመወዝ አይፈልግም። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን የሌላውን ሰው ጓሮ፣ ረግረጉንና ቦዩን የሚዞር ሰው ግን ሠራተኛ ነው፤ የሠራተኛ ዋጋ ይገባዋል። የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ ከሚያገኝ ሰው በነፃ ሳምንታዊ ሥራ መጠበቅ ተሳትፎ ተብሎ አይጠራም። በጎ ፈቃድ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ብቻ ናቸው። ሥራው ይለካ፣ ተቆጣጣሪ ሳይነግር ሄዶ የተወሰኑ ቦታዎችን ደግሞ ይይ፣ ያልተሠራ ከተገኘ ይጠየቅ። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1930 ከአፍሪካ የገባችው ትንኝ በ1938 ከባድ ወረርሽኝ ካስነሣች በኋላ በ1940 ከአገሪቱ የጠፋችው እያንዳንዱ ቦታ የታወቀ ኃላፊ፣ እያንዳንዱ ኃላፊም ተቆጣጣሪ ስለነበረው ነው። የዚያን ሥራ ወታደራዊ ጠባይ አልወድም። ጥብቅነቱን ግን እፈልገዋለሁ።

እንዴት ይጀመር ለምትሉ፣ ሰፈሩን አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሊያዳርሰው በሚችለው ልክ ከፋፍሉት። ካርታውን ነዋሪው ይንደፈው፤ ባለቤት የሌለው ሜዳም ሰው ይመደብለት። ነጭ ጭልፋ፣ ደብተርና መታወቂያ ይሰጥ። ደብተሩ ላይ ሦስት ተጨማሪ ረድፎች ይኑሩ፦ ነዋሪው በራሱ አቅም ሊያስተካክለው የማይችለውና ለማዘጋጃ ቤቱ የተላለፈ ጉዳይ፣ የተላለፈበት ቀን፣ መልስ የተሰጠበት ቀን። የመጨረሻው ረድፍ ሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከደብተሩ ሁሉ እኔ የምጓጓለት ለዚህ ረድፍ ነው። ከጤና ጣቢያው ደግሞ በየሳምንቱ ከየትኛው መንደር ስንት የወባ ሕሙማን እንደመጡ ይነገራቸው። ላባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች የድካማቸውን ውጤት የማወቅ መብት አላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለም ያመለጣቸውን ውሃ ለመፈለግ የሚነሡት እነሱ ናቸው።

ጠርሙሱ ኋላ ረድፍ ደርሷል? ጥሩ። ጠዋት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተከትዬ አይቼዋለሁ። ከአዳራሹ የእጅ መታጠቢያ የሚወጣው ቱቦ ግድግዳው ሥር ተሰብሯል፤ እየተንጠባጠበ አንድ ክንድ የማይሞላ ገንዳ ሠርቷል። እኔ የምችለውን ጠዋት ሞክሬ ነበር፤ ውሃውን በእግሬ ፈሰስ አበጅቼለታለሁ፣ ቱቦው ካልተጠገነ ግን እስከ ማታ መልሶ ይሞላል። ስንጨርስ በፊት ለፊቱ በር አንውጣ፤ በጓሮ በኩል እንሂድ። አምስት ጭልፋ ይዣለሁ። የአዳራሹ ኃላፊም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ አብረውን ቢመጡና ቱቦው በየትኛው ቀን እንደሚጠገን እዚያው ቆመው ቢነግሩን፣ ቀኑን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ።